ደብተር ያልተገዛላት ቀን

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ዴስክ የምንጋራ ልጅ ነበረች። ስሟን አልጽፍም። በሒሳብ እሷ ትበልጠኛለች፣ በንባብ እኔ እሻላለሁ፣ ስለዚህ ደብተር ለደብተር እየተያየን ነበር የምንሠራው። አንድ ሰኞ ቀረች። ማክሰኞም አልመጣችም። መምህራችን ስም ሲጠራ ለጥቂት ቀናት የእሷ ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ ወደ ዴስካችን ያይ ነበር። ከዚያ ሳያይ ማለፍ ጀመረ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ስሟን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው። ልጆቹ "አግብታለች" አሉ። 13 ዓመቷ ነበር። እኔም 13።

ማንም አልጠየቀም። መምህሩም፣ ዳይሬክተሩም፣ እኛም። ለትንሽ ጊዜ ዴስኩ ሰፋኝ፣ ከዚያ ሌላ ልጅ መጥታ ተቀመጠች፣ ትምህርቱም ቀጠለ። ይህን ጽሑፍ ለመጀመር ዓመታት የፈጀብኝ በዚህ ይመስለኛል። ስለ እሷ ከመጻፌ በፊት ስለ እኔ ዝምታ መጻፍ ነበረብኝ።

ሁለታችንም ሠላሳዎቹን ከጀመርን በኋላ በአንድ የድሮ የክፍል ጓደኛችን በኩል ስልኳን አገኘሁ። መጀመሪያ ላይ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ድሮ ልጆች ብቻ ነበር የምናወራው። አንድ ምሽት ግን እንደምንም ደፍሬ የሠርጓን ቀን ጠየቅኳት። "ያን ቀን በጣም አለቀስሽ?" አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ እንዲህ አለችኝ፦

"የሠርጉ ቀን አላለቀስኩም። እኔ ያለቀስኩት በዓመቱ መጀመሪያ ለወንድሞቼ አዲስ ደብተር ተገዝቶ፣ እኔ 'አንቺ ያምናውን ጨርሺ' የተባልኩ ቀን ነው። ያን ቀን ገብቶኛል።"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። ምክንያቱም ደብተሩን አስታውሰዋለሁ! ከጀርባው ገልብጣ ነበር የምትጽፍበት። ከፊት የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ፣ ከኋላ የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ። መሀል ላይ ሊገናኙ ጥቂት ገጽ ሲቀራቸው ነው የቀረችው። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ በየቀኑ ሳየው የነበረ ነገር ነው፣ ግን ቆጣቢ ናት ብዬ ነበር የማስበው።

ከዚያ ወዲህ ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ የማነበውን ሁሉ የማነበው በዚያ ደብተር በኩል ነው። ስለዚህ ጉዳይ ስናወራ ሁላችንም ዓይናችን ሠርጉ ላይ ነው። የሚለጠፈው ፎቶ የሙሽራ ልብስ የለበሰች ትንሽ ልጅ ነው። ፖሊስ የሚጠራው ሠርጉ ሊደረግ ሲል ነው። ዜናው "ሠርጉ ተቋረጠ" ነው። መቋረጡ ጥሩ ነው፣ አንዲት ልጅ እንኳ ብትተርፍ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሠርጉ የመጨረሻው ቀን ነው። ከዚያ በፊት ማንም ሳያያቸው ያለፉ ብዙ ትንንሽ ቀናት አሉ። ደብተር ያልተገዛበት፣ "ዛሬ ቤት ዋዪ" የተባለበት፣ የወር አበባዋ መጥቶ ትምህርት ቤት በር ያለው ሽንት ቤት ስለሌለ አራት ቀን የቀረችበት፣ እንግዳ ሲመጣ ውሃ እንድታቀርብ ተጠርታ እንግዳው ከእግር እስከ ራሷ ያያት ቀን። ልጅቷ የምትዳረው በእነዚህ ቀናት ነው።

ስፋቱን ለመናገር ቁጥር ያስፈልጋል። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ግምት (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ዛሬ በሕይወት ካሉ ሴቶችና ልጃገረዶች 640 ሚሊዮን ያህሉ 18 ዓመት ሳይሞላቸው ያገቡ ናቸው። በየዓመቱ 12 ሚሊዮን ይጨመሩባቸዋል። ይህን በደቂቃ አካፍዬ አየሁት፤ 23 ገደማ ይሆናል። አንድ የ40 ደቂቃ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ ከ900 በላይ ልጆች ማለት ነው። በዓለም ላይ ካሉ ወጣት ሴቶች ከአምስቱ አንዷ በልጅነቷ ያገባች ናት። ኒጀር ውስጥ ከአራቱ ሦስቱ። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲሰማ "የአንድ አካባቢ ችግር ነው" ማለት ይቀናል፣ ግን አይደለም። በቁጥር ብዙዎቹ ያሉት ደቡብ እስያ ውስጥ ነው፣ በላቲን አሜሪካ ለዓመታት እምብዛም ለውጥ አልታየም፣ ስለ አሜሪካም ወደ ታች እመጣለሁ። ወንዶች ልጆችም አሉበት። ዩኒሴፍ በ2019 እንደገመተው በልጅነታቸው ያገቡ ወንዶች 115 ሚሊዮን ናቸው። የእነሱም ልጅነት ይቀማል፣ በ15 ዓመት ቤተሰብ አስተዳድር መባል ቀላል ሸክም አይደለም። ማርገዝና መውለድ ግን የሴቷ ብቻ ነው።

መልካሙ ዜና ቁጥሩ እየቀነሰ መሆኑ ነው። መጥፎው ፍጥነቱ ነው። ዓለም በ2030 ይህን ድርጊት ላስቀር ብሎ ቃል ገብቷል። በዚያው የዩኒሴፍ ሪፖርት መሠረት ግን በአሁኑ አካሄድ ሙሉ በሙሉ ለማጥፋት 300 ዓመት ይፈጃል።

ለምን ይዳራሉ? አብዛኛውን ጊዜ የምሰማው መልስ "ኋላ ቀር ባህል ነው፣ ማይምነት ነው" የሚል ነው። ይህ መልስ ሁልጊዜ ቅር ይለኛል። ባህል የለበትም ለማለት አይደለም፣ አለበት። ግን "ባህል" ብለን ስንዘጋው ወላጆቹ የሚያስቡ ሰዎች መሆናቸውን እንረሳለን። ልጁን የሚድር አባት ብዙውን ጊዜ እያሰላ ነው። እየፈራም ነው።

ስሌቱን በተመለከተ አንድ ጥናት አለ፣ ካነበብኩት ጊዜ ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሦስት ኢኮኖሚስቶች በ2020 ያሳተሙት ነው። ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮችና በሕንድ ዝናብ በቀረበት ዓመት ልጃገረዶች ላይ ምን እንደሚደርስ አዩ። አፍሪካ ውስጥ ድርቅ ሲመጣ ያለዕድሜ ጋብቻ ይጨምራል። ሕንድ ውስጥ ድርቅ ሲመጣ ይቀንሳል። ሁለቱም ጋ ዝናብ ቀርቷል፣ ሁለቱም ጋ ሰብል ጠፍቷል። ልዩነቱ ገንዘቡ የሚሄድበት አቅጣጫ ነው። በብዙ የአፍሪካ ማኅበረሰቦች ከብቱንም ገንዘቡንም የሚሰጠው የወንዱ ወገን ነው፣ ስለዚህ የተቸገረ አባት ልጁን ሲድር የሚበላው ያገኛል። ሕንድ ውስጥ የሚከፍለው የሴቷ ወገን ነው፣ ስለዚህ የተቸገረ አባት ሠርጉን ያዘገያል። ባህል ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝናብ ሲቀር ጋብቻው ወደ ላይና ወደ ታች ባልተወዛወዘ ነበር። ልጅቷ የቤቱ የመጨረሻ ቁጠባ ሆናለች ማለት ነው፤ ሌላው ሁሉ ሲያልቅ የምትወጣ።

የሴቷ ወገን በሚከፍልበት ቦታ ደግሞ ሌላ ጫና አለ። ልጅቷ ትንሽ ስትሆን የሚጠየቀው ክፍያ ያንሳል፣ ዕድሜዋና ትምህርቷ ሲጨምር ክፍያውም ይጨምራል። ስለዚህ ድሃው አባት ቶሎ መዳር ይቀለዋል። መንገዱ ተቃራኒ ነው፣ የሚደርሰው ግን እዚያው ነው።

ፍርሃቱ ከስሌቱ ይልቅ ያሳዝነኛል። ጦርነት ሲመጣ ምን እንደሚሆን የሶርያ ስደተኞች አሳይተውናል። ዮርዳኖስ ውስጥ ከተመዘገቡት የሶርያውያን ጋብቻዎች 18 ዓመት ያልሞላት ልጅ ያለችባቸው በ2012 18 በመቶ ነበሩ። በ2013 25 በመቶ ደረሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ባህል አይቀየርም። የተቀየረው አባቶች ሌሊት በድንኳን ውስጥ የሚያስቡት ነገር ነው። "ቢደፍሯትስ? ብሞትስ? ማን ይጠብቃታል?" ባል እንደ አጥር ነው የታየው። ኮቪድ ትምህርት ቤት ሲያዘጋም ይኸው ነው የሆነው። ዩኒሴፍ በ2021 እስከ 10 ሚሊዮን ተጨማሪ ልጃገረዶች በአሥር ዓመት ውስጥ ለዚህ አደጋ እንደተጋለጡ ያስጠነቀቀው ለዚህ ነበር። ትምህርት ቤት ልጅቷን የሚያስተምር ብቻ አይደለም፣ ቀኑን ሙሉ "ተማሪ" የሚባል ስም ይሰጣታል። ቤት ስትውል ያ ስም ይወድቅና "የደረሰች ልጅ" ትባላለች።

ከዚያ ደግሞ የስም ፍርሃት አለ። ሳታገባ ብታረግዝ፣ ከወንድ ጋር ብትታይ፣ ሰው ምን ይላል? ይህን ፍርሃት እንደ ቀላል ነገር አንየው። ሰፈሩ ሁሉ በሚተዋወቅበት ቦታ የአንዲት ልጅ ስም ከጠፋ የእህቶቿም ዕድል አብሮ ይጠፋል ብለው ከልባቸው ያምናሉ። ስለዚህ ነገሩ ከመድረሱ በፊት ይቸኩላሉ። የሚከብደኝ ግን ይህ ነው፤ ልጅቷን ከሚፈሩት ነገር ለማዳን ብለው የሚፈሩትን ነገር ራሱን በሕጋዊ ስም ያደርሱባታል። የ13 ዓመት ልጅ ሳትፈልግ ከትልቅ ሰው ጋር እንድትተኛ ማድረግ ውጭ ሜዳ ላይ ሲሆን ወንጀል፣ ቤት ውስጥ ሲሆን ጋብቻ ተባለ። ለልጅቷ ሰውነት ልዩነት የለውም።

ስለ ሰውነቷ ከተነሳ ይህንን በደንብ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ "የጤና ችግር ያስከትላል" ተብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል።

የዳሌ አጥንት ሙሉ ስፋቱን የሚይዘው ቁመት ማደግ ካቆመ በኋላም ጊዜ ወስዶ ነው። ልጅቷ በቁመት ሴት ትመስላለች፣ ውስጧ ግን ገና ልጅ ነው። ምጥ ሲመጣ የሕፃኑ ጭንቅላት ጠባቡ ዳሌ ላይ ይያዛል። በቅርብ ሐኪም ካለ በቀዶ ጥገና ይወለዳል። ከሌለ ምጡ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ይቆያል። በዚህ ሁሉ ሰዓት ጭንቅላቱ የሽንት ፊኛዋን ከአጥንቱ ጋር አጣብቆ ይጫናል። ደም የማይደርሰው ሥጋ ይሞታል። ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ነው የሚወለደው። ከቀናት በኋላ የሞተው ሥጋ ይለቅና ቀዳዳ ይሆናል። ከዚያ ሽንቷን መቆጣጠር አትችልም። አንዳንዴ ሰገራዋንም። ቀን ከሌሊት ይፈስሳል። ይህ ነው ፌስቱላ የሚባለው። ትልልቅ ሴቶችም ላይ ይደርሳል፣ ምጥ ተራዝሞ ሐኪም ከታጣ ማንንም አይምርም፣ ግን ያልጠና ዳሌ ያላት ልጅ ከሁሉም በላይ ተጋላጭ ናት። ልጇን ያጣች፣ ራሷን መቆጣጠር ያቃታት፣ ባል "ትሸታለች" ብሎ የመለሳት የ15 ዓመት ልጅ አስቡ።

ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ገብተው ያገኟቸው እንዲህ ያሉ ሴቶችን ነበር። በ1974 ለዚህ ሕመም ብቻ የሚሆን ሆስፒታል ከፈቱ። ዶክተር ካትሪን በ2020 በ96 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ሕይወታቸው ይኸው ነበር። ቀዶ ጥገናው ለአብዛኞቹ ይሠራል። ቀዳዳው ይደፈናል፣ ሽንቷ መፍሰሱን አቁሞ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስታና ንዴት አንድ ላይ ይመጡብኛል። እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩ ደስታ ነው። አንዲት ልጅ ሥራው እስኪያስፈልጋት ድረስ ማንም አለመድረሱ ነው የሚያናድደኝ።

የእርግዝናና የወሊድ ችግር ከ15 እስከ 19 ዓመት ላሉ ልጃገረዶች በዓለም ላይ ዋነኛ ከሚባሉት የሞት ምክንያቶች አንዱ ነው። ከእነዚህ እናቶች የሚወለዱት ሕፃናትም ክብደታቸው አንሶ የመወለድና ገና በጨቅላነታቸው የመሞት ዕድላቸው ከፍ ይላል።

ነገር ግን ጓደኛዬን ስጠይቃት አስቀድማ ያነሳችው ይህን አይደለም። እሷ ፌስቱላ አልያዛትም፣ ልጆቿም በሰላም ተወልደዋል። እሷ የነገረችኝ ስለ ቃል ነው። "እምቢ የሚል ቃል አልነበረኝም" አለችኝ። ባሏ በ14 ዓመት ይበልጣታል። እሱ ገበያ፣ መንገድ፣ ገንዘብ፣ ሰው ያውቃል። እሷ የምታውቀው ክፍልፋይ ማካፈል ነው። ልጅ አሁን አልውለድ ለማለት፣ ሐኪም ቤት ልሂድ ለማለት፣ እናቴን ልይ ለማለት እንኳ እንዴት እንደሚጀመር አታውቅም። መታኝም አላለችኝም። ያለችኝ "አይመታኝም ነበር፣ ግን አይሰማኝም ነበር" ነው። እስከ 25 ዓመቷ ድረስ የገዛ እጇ ያዘዘበት ገንዘብ ይዛ አታውቅም። ለልጇ መድኃኒት ለመግዛት ባሏ እስኪመጣ ሁለት ቀን ጠብቃለች። ይህ በየትኛውም የሆስፒታል መዝገብ ላይ የለም። በአገር ኢኮኖሚ ሪፖርት ላይም "ገቢ አጣች" ተብሎ በአንድ ቁጥር ይመጣል። እኔ ግን በሒሳብ የምትበልጠኝ ልጅ መሆኗን አውቃለሁ። እኔ የደረስኩበት ሁሉ እሷም ትደርስ ነበር፣ ምናልባትም አልፋኝ ትሄድ ነበር።

አሁን ወደ ሕጉ። ሕግ ያስፈልጋል፣ ይህን የሚጠራጠር ካለ የሩክማባይን ታሪክ ይስማ። ሕንዳዊት ናት፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረች። በ11 ዓመቷ ተዳረች፣ ግን ከባሏ ጋር ሳትኖር በእንጀራ አባቷ ቤት ሆና መማር ቀጠለች። በ1884 ባልየው "ሚስቴ ትሰጠኝ" ብሎ ቦምቤይ ፍርድ ቤት ከሰሳት። በ1887 ፍርድ ቤቱ ወይ ወደ ባልሽ ሂጂ፣ ወይ 6 ወር ትታሰሪያለሽ አላት። እስሩን እመርጣለሁ አለች። እስቲ አስቡት፣ በዚያ ዘመን! በመጨረሻ በ1888 ለባልየው 2,000 ሩፒ ተከፍሎት ነገሩ በስምምነት አለቀ። እሷ ለንደን ሄዳ ሕክምና ተማረች፣ ተመልሳም ለአሥርት ዓመታት ሐኪም ሆና አገለገለች። እምቢ የሚለው ቃል ነበራት፤ የሚማር ሰው ቃል ይኖረዋል። ከአጠገቧም የቆሙ ሰዎች ነበሩ።

ከ130 ዓመት በኋላም ክሱ አልቆመም፣ ግን አሁን ከሳሾቹ ሴቶቹ ናቸው። ዚምባብዌ ውስጥ በልጅነታቸው ያገቡ ሁለት ወጣት ሴቶች መንግሥትን ከሰው በጥር 2016 ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ እንዳይኖር ወሰነ። ታንዛኒያ ውስጥ የ1971ዱ የጋብቻ ሕግ ሴት ልጅ በወላጅ ፈቃድ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፣ ወንዱ ግን 18 እንዲሞላው ይጠይቅ ነበር። ሬቤካ ጉሚ የምትባል ወጣት የሕግ ባለሙያ ይህን በፍርድ ቤት ተከራክራ በ2016 ረታች፣ መንግሥት ይግባኝ ቢልም በ2019 ውሳኔው ጸና።

"ሠለጠኑ" የምንላቸው አገሮችም ቢሆኑ ከዚህ አልራቁም። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ በወላጅ ፈቃድ በ16 ዓመት ማግባት ይቻል የነበረው እስከ የካቲት 2023 ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ያለ ምንም ልዩ ፈቃድ የከለከሉ የመጀመሪያዎቹ ግዛቶች ዴላዌርና ኒው ጀርሲ ናቸው፣ እሱም በ2018። በብዙ ግዛቶች ደግሞ ልጅቷ በወላጅ ፊርማ ማግባት ትችላለች፣ ለመፋታት ግን በራሷ ስም ክስ መመሥረት አትችልም፤ ዕድሜዋ አልደረሰም ትባላለች። ስታገባ ደርሳለች፣ ስትሸሽ ልጅ ናት።

"የወላጅ ፈቃድ" የሚለው ቃል በየአገሩ ሕግ ውስጥ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ናት። ልጅቷን የሚድራት ራሱ ወላጅ ከሆነ ፈቃዱ ከማን ነው የሚጠብቃት? ይህ ቀዳዳ ቢደፈን እንኳ ሌላ አለ። በዓለም ላይ 5 ዓመት ካልሞላቸው ሕፃናት 150 ሚሊዮን ያህሉ ልደታቸው አልተመዘገበም። የልደት ምስክር ወረቀት የሌላት ልጅ ዕድሜዋ አባቷ ያለው ነው። "18 ሞልቷታል" ካለ ሞልቷታል።

ስለዚህ ሕጉ ይኑር፣ ይጥበቅም፣ ግን ሕጉ የሚደርሰው ለሠርጉ ቀን ነው። ለደብተሩ ቀን የሚደርስ ምን አለ?

ማላዊ ውስጥ ዞምባ በሚባል ወረዳ ለልጃገረዶችና ለቤተሰቦቻቸው በየወሩ ትንሽ ገንዘብ እየተሰጠ ለሁለት ዓመት ተሞከረ። አንዱ ቡድን የሚሰጠው ትምህርት ቤት ከሄዱ ብቻ ነው፣ ሌላው ያለ ምንም ግዴታ። ያለ ግዴታ ገንዘቡ በተሰጣቸው መካከል ጋብቻና እርግዝና በግልጽ ቀነሰ፣ በተለይ ትምህርት ባቋረጡት ልጆች። ስለዚህ አባቶቹ ልጃቸውን መዳር ስለሚወዱ አልነበረም የሚድሩት። ታዲያ ገንዘቡ ቆመ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲታይ ውጤቱ አብሮ ጠፍቷል። ገንዘብ ጊዜ ይገዛል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ልጅቷ የምትይዘው ሌላ ነገር ካልተሰጣት ግን ጊዜው ያልቃል።

የሕንዷ ሃሪያና ግዛት ከ1994 ጀምሮ ሌላ ነገር ሞክራ ነበር። ሴት ልጅ ስትወለድ በስሟ ገንዘብ ይቀመጥላታል፣ 18 ሲሞላት ካላገባች ትወስደዋለች። ሐሳቡ ያምራል። ሆኖም ብዙ ቤተሰብ ገንዘቡን እንደ ሠርግ ወጪ አየው፣ ልጆቹም 18 እንደሞላቸው ወዲያው ተዳሩ። ቀኑ ተገፋ፣ ልጅቷ ግን አሁንም የተወለደችው ለመዳር ነው። እኔ ከዚህ የተረዳሁት 18 ቁጥር ብቻ መሆኑን ነው። በ18 ዓመት ከአንድ ቀን ምንም ሙያ፣ ምንም ገንዘብ፣ ምንም ቃል ሳይኖራት የተዳረች ልጅ በስታቲስቲክሱ ውስጥ "ድል" ናት።

ከሁሉም የሚያጽናናኝ የአንዲት ባላባት ሥራ ነው። ቴሬዛ ካቺንዳሞቶ ይባላሉ፣ በማላዊ ዴድዛ አውራጃ ባህላዊ መሪ ሆነው ሠርተዋል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ያለዕድሜ ጋብቻዎችን አፍርሰዋል፣ የፈቀዱ የመንደር ሹሞችንም ከሥልጣን አንሥተዋል። ዜናው ሁልጊዜ ያፈረሱትን ጋብቻ ይቆጥራል። እኔን የገረመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት መለሱ፣ ክፍያ ላጡት ከፋይ ፈለጉ፣ በየመንደሩ ልጆቹ ክፍል መግባታቸውን የሚከታተሉ ሰዎች አስቀመጡ። ወንበሯ ባዶ ከሆነ "የት ሄደች?" የሚል ሰው አለ ማለት ነው። የእኛ ክፍል ውስጥ ያልነበረው ይህ ነው። ቀይ እስክሪብቶ ነበረን፣ የሚጠይቅ ሰው ግን አልነበረንም።

ሌላም የማይነሳ ጉዳይ አለ። ሁሉም ፕሮጀክት፣ ሁሉም ዘመቻ ያላገባችውን ልጅ ለማዳን ነው። ያገባችውስ? 640 ሚሊዮኖቹ የት ሄዱ? ብዙ ትምህርት ቤት ያገባች ወይም ያረገዘች ልጅ አይቀበልም፣ ወይም ተቀብሎ በሹክሹክታና በዓይን ያባርራታል። ጋብቻው ሲፈርስ ደግሞ "ፈት" ትባላለች፣ በ16 ዓመቷ! ወላጆቿ ጋ መመለስ ያሳፍራታል፣ ሥራ የላትም፣ ልጅ አዝላለች። ብዙዎቹ ሁለተኛ ባል የሚያገቡት ከመጀመሪያው ባነሰ ምርጫ ነው። እነሱን እንደ ያለፈ ጉዳይ መቁጠር አይገባም። የ17 ዓመት እናት አሁንም ልጅ ናት፣ አሁንም ደብተር ያስፈልጋታል።

ይህን ጽሑፍ ከማውጣቴ በፊት ለጓደኛዬ በስልክ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማች። ስለ ባሏ የጻፍኩትን አንድ ቦታ አስተካከለችኝ። ከዚያ "አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ" አለች። "አባቴን ክፉ አድርገሽ እንዳትጽፊው። ያን ዓመት ታሞ ነበር። እኔን ሳይድር እንዳይሞት ፈርቶ ነው። እስኪሞት ድረስ 'ዕድልሽን ዘጋሁብሽ' እያለ ያለቅስ ነበር።"

"አልጽፈውም" አልኳት።

"ደብተሩን ግን ጻፊው" አለችኝ። ከዚያ ቸኩላ ስልኩን ዘጋች፤ የማታ ትምህርቷ ሊጀመር አሥር ደቂቃ ነበር የቀረው። ሰባተኛን ባለፈው ዓመት ጨርሳለች። ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት።